ሱፍ የለበሰው ስልክ

የኤልስፓ ስልክ ቻርጅ አልይዝም ያለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ዕቃ ሲበላሽ ቀን ይመርጣል። ማንም ሳይደውልበት ሦስት ዓመት ሙሉ ገመዱ ላይ ተጥዶ ጠግቦ ሲያድር የኖረ ስልክ፣ ሬጊን «እደውላለሁ» ብሎ በጻፈ በማግስቱ አፉን ዘጋ።

ሬጊን ታናሽ ልጇ ነው። ሩቅ ባሕር በሚወጣ የዓሣ መርከብ ላይ ይሠራል፤ ድምፁን ከሰማች ሰባት ዓመት ሆኗታል። መልእክቱ የመጣው ዓርብ ጠዋት ነው፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሱፍ ስትፈትል።

«እማ፣ እኔ ነኝ፣ ሬጊን። ቁጥርሽን ከሰው አገኘሁት። እሁድ ወደብ እንገባለን፣ በእናንተ አስር ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ከዚያ ወዲያው እንነሳለን፣ ሁለት ወር ኔትወርክ የለም። ካላነሳሽ ይገባኛል። ሁለተኛ አላስቸግርሽም።»

ይህንን ከማንበብ ብዛት በቃሏ ያዘችው። መልስ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ሰረዘችው፤ ጣቷ ለሹራብ እንጂ ለዚያች ጠባብ መስታወት አልተፈጠረም። ደግሞ የሰባት ዓመት ነገር በጣት አይጻፍም፣ በአፌ እነግረዋለሁ ብላ ተወችው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ አላሰፈረችም። ስልኩ ያውቀው የለ እንዴ! የእኛ ዘመን ሰው ሞኝነት እንዲህ ነው፤ የልጁን ቁጥር ለስልክ አደራ ሰጥቶ እሱ በሰላም ይተኛል።

ለምን ሰባት ዓመት? ባሏ ዮአኪም የሞተ ጊዜ ሬጊን ባሕር ላይ ነበር፤ ለቀብሩ አልደረሰም። የደረሰው በዘጠነኛው ቀን፣ ሻንጣውን በትከሻው አንግቶ ነው። ታላቅየው ሆግኒ በሩ ላይ ጠበቀው። «አባትህን ብቻዬን ቀበርኩት። ከዚህ ቤት ያለህ ነገር የለም፣ በመጣህበት ጀልባ ተመለስ» አለው። ኤልስፓ ከበስተኋላ፣ ኩሽና ውስጥ፣ ድንችና ቢላ በእጇ ይዛ ቆማ ነበር። ሬጊን ከወንድሙ ትከሻ በላይ አያት። «እማ?» አላት። እሷ ዐይኗን ወደ ድንቹ መለሰች። ጀልባዋ ገና ገመዷን አልፈታችም ነበርና በዚያችው ተሳፍሮ ሄደ።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ሰው። የኤልስፓ ዝምታ ግን ነቅዟል፤ ሰባት ዓመት ሆዷ ውስጥ ሲበላት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የሬጊን ስም አይነሳም። ሆግኒ ከቤቷ ከፍ ብሎ ባለው ቤት ብቻውን ይኖራል፤ እንጨት ይፈልጥላታል፣ ጣሪያዋን ይጠግንላታል፣ እሁድ እሁድ ምሳ አብሯት ይበላል። ጥሩ ልጅ ነው። ስለዚያኛው ግን አንዲት ቃል ብትተነፍስ ፊቱ እንደ ገደል ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ የመልእክቱን ነገር ለማንም ሳትናገር በሆዷ ይዛው ነበር።

እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ስታየው አስራ አንድ ፐርሰንት ይላል። ማታ ሰክታው ነበር፣ ምንም አልጨመረም። ኩሽና ካለው ሶኬት ነቅላ መኝታ ቤት ሰካችው፣ ዝም። ማቀዝቀዣውን ጎትታ ከኋላው ያለውን ሶኬት ሞከረች፣ ዝም። አጥፍታ አበራችው። ገመዱን አገላብጣ ሰካችው። ብብቷ ሥር ይዛ አሞቀችው። አስር ፐርሰንት ሆነ።

ሌላ ገመድ መግዣ ቦታ የለ! ጀልባዋ በማዕበሉ ምክንያት ከሐሙስ ጀምሮ አልመጣችም። በክረምት ደሴቷ ላይ የምንቀረው ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ነን፤ ሱቅ ደግሞ ከማዶ ነው። ኤልስፓ ስልኩን ካፖርቷ ኪስ ከታ ወደ ማርዩን ቤት ወረደች። ማርዩን ጎረቤቷ ናት፤ ሬዲዮ ሳይከፈት ዜና የሚሰማው ከእሷ ነው።

«አንቺ ኤልስፓ፣ ፊትሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጠቆረው?»

«ስልኬ ቻርጅ አልይዝ አለኝ።»

«ታዲያ ለዚህ ነው ለቀስተኛ መስለሽ የመጣሽው? ማን ሊደውልልሽ ነው? ንጉሡ?»

«ቀልዱን ተይውና ገመድ ካለሽ ስጪኝ።»

የማርዩን ስልክ ያረጀ፣ ባለ ቁልፍ ነው፤ የልጅ ልጇ ረስታው የሄደችው ገመድ ግን መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሰኩት። መስታወቱ ላይ ትንሽ የውሃ ጠብታ ሥዕል ብቅ አለና ጠፋ።

«ይኸው! እርጥበት ገብቶበት ነው» አለች ማርዩን፣ ሐኪም ሆና። «ሩዝ ውስጥ ክተቺው ይላሉ።»

«ሩዝ አለሽ?»

«ከየት አባቴ! ያለኝ ድንች ነው።»

«በድንች ይሆናል?»

«እኔ እንጃ እቴ፣ ለድንች ሲባል አልሰማሁም። ቆይ ግን፣ ሆግኒ እያለልሽ ምን ያንከራትትሻል? የጀልባ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው ይቺ ታቅተዋለች?»

«እሱን አታስቸግሪው!» አለች ኤልስፓ። ቸኩላ ስለተናገረችው ማርዩን ቀና ብላ አየቻት። ኤልስፓ ገመዱን አመስግና መልሳ፣ ሌላ ጥያቄ ሳይመጣ ወጣች።

እርጥበት ከሆነ መድኃኒቱን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። እኛ የምናደርቀውን ሁሉ የምናደርቀው በንፋስ ነው። በየቤቱ ጓሮ ንፋስ ቤት የምንለው ጎጆ አለ፤ ግድግዳው ጣት በሚያስገባ ክፍተት የተሰደረ ጣውላ ነው፣ የባሕሩ ንፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። የበግ ሥጋው፣ ዓሣው፣ ሁሉም እዚያ ተሰቅሎ ይከርማል። ጨው አይነካውም፤ ንፋስ ብቻ። ኤልስፓ ያደገችው በዚያ ሥጋ ነው። ንፋስ አንድ ሙሉ በግ ካደረቀ ለአንዲት ጠብታ ውሃ አያንስም ብላ አሰበች። እሁድ ጠዋት ስልኩን አጠፋችው፤ ስምንት ፐርሰንት ቀርቶት ነበር። ከዚያ ካልሲውን እንደለበሰ በሁለት የበግ እግሮች መካከል በክር አንጠለጠለችው።

ካልሲ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ባለፈው በልግ፣ በጎቹ ከተራራ በወረዱ ሰሞን፣ ሆግኒ «ብርድ ባትሪ ይጨርሳል» ሲላት ጊዜ ለስልኩ ከራሷ ሱፍ ካልሲ ሠርታለት ነበር። ቅባቱ ያልለቀቀ፣ ግራጫ፣ ወፍራም ሱፍ ነው። አፉን የምታስርበት ክር ሁሉ ነበረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩ ከኤልስፓ የተሻለ ይሞቀው ነበር።

በስድስት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ገባች። ቄሱ የሚመጣልን በስድስት ሳምንት አንዴ ነው፣ ያውም ጀልባዋ ከፈቀደች፤ በቀረው እሁድ ስብከቱን ከመጽሐፍ የሚያነብልን ሆግኒ ነው። ያን ቀን ስለ ምን እንዳነበበ ኤልስፓ ብትጠየቅ አታውቅም። ድምፁን ትሰማለች፣ ውጭ የሚጮኸውን ንፋስ ትሰማለች፣ በልቧ «በርታ፣ ንፈስ» ትላለች። ሌሎቻችን ማዕበሉ እንዲበርድ ስንጸልይ እሷ እንዲብስ ትጸልይ ነበር። መዝሙሩ ሳያልቅ ብድግ ብላ ወጣች። ኋላም ለምሳ ሲመጣ ሆግኒን «ራሴን አሞኛል፣ ዛሬ ይቅርብህ» ብላ መለሰችው።

በስምንት ሰዓት ስልኩን ከንፋስ ቤት አወረደችው። የደረቀ ሥጋ ሽታ ተዋህዶታል። አበራችው፣ ሰካችው፤ ጠብታዋ አልመጣችም። ተመስገን አለች። ሆኖም ባትሪውም አልጨመረም። ስምንት። ሰባት። ብርዱ መጦት ነው መሰለኝ፣ ከሰባት አራት ገባ። ቁጥሩንስ ልጻፍ ብላ እርሳስ ፍለጋ መሳቢያ ከፈተች፤ የሹራብ ንድፍ፣ መቀስ፣ የዮአኪም የድሮ መነጽር፣ እርሳስ የለም። ከሌላ ክፍል እርሳስ አግኝታ ስትመለስ መስታወቱ ጥቁር ሆኗል። ስትነካው አንዲት ቀይ መስመር ብልጭ አለችና እሷም ጠፋች።

ተቀመጠች። ከዚያ ተነሳች። በዚህ ጊዜ ሰው መቀመጥ ነበረበት፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ! ኤልስፓ ግን ከቅርጫቷ ቀጭኑን የብረት የሹራብ መርፌ መዝዛ የገመዱን መግቢያ ቀዳዳ ትጎረጉር ገባች። አንድ ነገር ቀጭ አለ። መርፌውን ከእጇ ጣለችው።

«ገደልኩት» አለች ጮክ ብላ፣ ባዶ ቤት ውስጥ።

የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ከሩብ ይላል። ሬጊን ወደብ ላይ ቆሞ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ የማይነሳ ጥሪ ሲጠብቅ ታያት። ያን ቀን በር ላይ የነበረው ፊቱ። ዛሬም ዝም አለችኝ ብሎ ይሄዳል። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከእንግዲህ ሰባት ዓመት የምትጠብቅበት ዕድሜ የላትም። ካፖርቷን ሳታቆልፍ፣ ንፋሱ እየገፋት፣ ወደ ላይኛው ቤት ወጣች።

ሆግኒ የዓሣ መንጠቆ እየሳለ ነበር።

«እማ! በዚህ ንፋስ ምን ሆነሽ ነው? ራስሽን አሞሽ አልነበር እንዴ?»

«ስልኬን ሥራልኝ። አሁኑኑ።»

«ነገ አየዋለሁ።»

«ነገ አይሆንም! አሁን ነው ያልኩህ!»

በሕይወቷ ጮኻበት አታውቅም። ሆግኒ መንጠቆውን አስቀምጦ ቆዳ ጃኬቱን አነሳ፤ ምንም ሳይጠይቅ ተከትሏት ወረደ። ቤቷ ሲደርሱ ስልኩን ከካልሲው አወጣ፣ አሸተተው።

«ይሄ ነገር ምን ምን ይላል?»

«ንፋስ ቤት ሰቅዬው ነበር።»

«ምን?»

«እርጥበት ገብቶበት ነዋ። ይደርቃል ብዬ።»

«ስልኩን ከሥጋው ጋር ሰቀልሽው?» ሊስቅ ፈለገ፣ ፊቷን አይቶ ተወው። ቀዳዳውን ወደ መስኮቱ አዙሮ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ተመለከተ። «እማ፣ እዚህ ውስጥ በግ ገብቷል።»

«አትቀልድብኝ።»

«ሱፍ ነው! ከካልሲው የረገፈው ሱፍ ታጭቆበታል። ገመዱን በገፋሽው ቁጥር አንቺው እየጠቀጠቅሽው ነው። ስልክ ብርድ አይበርደውም፣ ማን ካልሲ አልብሺው አለሽ?»

«አንተ ነሃ! ብርድ ባትሪ ይጨርሳል ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ሆግኒ ወደ ቀዳዳው ጠጋ ብሎ አየ። «ይሄ ደግሞ? በምን ነው የጎረጎርሽው?»

«በመርፌ።»

«በብረት! ወይ አንቺ ሴትዮ!» መደርደሪያው ላይ ከነበረው የአቧራ መጥረጊያ አንድ የዝይ ላባ ነቀለ፣ ዘንጉን በሰንጢው አሹሎ በቀስታ ያወጣ ጀመር። ሱፉ ቁርጥራጭ ብቻ አልነበረም፤ በቅባቱ ተጣብቆ፣ በግፊቱ ጠንክሮ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ግራጫ ውታፍ ሆኖ ነበር። ኤልስፓ ጠረጴዛው ላይ አየቻት። በልጇና በእሷ መካከል የተቀመጠችው ይቺ ነች። በገዛ እጇ የፈተለቻት፣ ይሙቀው ብላ ያለበሰችው። ዕንባዋ መጣ፣ ወደ ውስጥ መለሰችው። ሰዓቱ አስር ሊሆን ስምንት ደቂቃ ይቀረዋል።

ሆግኒ ሰካው። ምንም የለም። ትንሽ ወደ ግራ ገፋው፣ ምንም። ወደ ላይ ጠምዘዝ አድርጎ በአውራ ጣቱ ሲጫነው የባትሪ ሥዕል መጣ። ጣቱን ሲያላላ ጠፋ።

«መርፌሽ አንዱን ጥርስ አጣሞታል። እንዲህ ካልተያዘ ቻርጅ አይበላም።»

«ያዘው እንግዲህ!»

«ይዣለሁ።»

ሶኬቱ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፣ ገመዱ አጭር ነው። ሆግኒ ተንበረከከ፣ ኤልስፓም አጠገቡ ተንበረከከች። ፈጽሞ የተሟጠጠ ባትሪ እስኪነቃ ጊዜ ይወስዳል። ሥዕሏ ትመጣለች፣ ትጠፋለች፣ ትመጣለች። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። አስር ሆነ። ኤልስፓ ሰዓቱን ላለማየት ዐይኗን ጨፈነች፤ ጆሮዋን ግን መጨፈን አልቻለችም። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት።

«ምንድን ነው እንዲህ የምትጠብቂው?» አለ ሆግኒ።

በአስር ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ስልኩ በራ። አንዴ ጮኸ፣ መልእክት ነው። ሆግኒ በአንድ እጁ ገመዱን እንደተጫነ፣ እንደ ልማዱ፣ ለእናቱ ጮክ ብሎ አነበበላት።

«‹አንድ ያልተመለሰ ጥሪ፣ አስር ሰዓት።› ከዚያው ቁጥር የዓርብ መልእክትም አለ። ‹ካላነሳሽ ይገባኛል። ሁለተኛ …›»

አቆመ። ከመልእክቱ አናት ላይ ያለውን የሬጊንን ስም አየ። ፊቱ ያ ድንጋይ ሆነ፤ ኤልስፓ የምታውቀው፣ የምትፈራው።

እንግዲህ ሁለቱም ያውቃሉ። ጣቱን ቢያላላ ስልኩ ይጠፋል። መጣል የለ፣ መስበር የለ፣ አንድ ቃል መናገርም የለ፤ ማላላት ብቻ። ማንም ሆን ብሎ ነው ሊለው አይችልም። ውጭ ንፋሱ የንፋስ ቤቱን ጣውላ ያፏጨዋል።

«ሆግኒ» አለች። «ያን ቀን ዝም ያልኩት አንተ ትክክል ስለነበርክ አልነበረም። ፈርቼ ነው። ዛሬም እፈራለሁ። ግን ደውልለት።»

ሆግኒ አላያትም። ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ አለ።

«እጄ እየደነዘዘ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ልጄ …»

«አልለቀቅኩም እኮ! ደነዘዘ ነው ያልኩት። አንቺ ተጫኚው፣ ቁጥሩ ላይ። እኔ ሌላ እጅ የለኝም።»

በጣቷ ቁጥሩን ነካችው። ስልኩ ከገመዱ ወደ ጆሮ አይደርስም፤ ሆግኒ በአገጩ እያመላከተ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አስከፈታት። ጠራ። ጠራ። አራት ጊዜ ጠራ። አምስተኛው ሊያልቅ ሲል የመርከብ ሞተር ጩኸት መጣ፣ ከውስጡም አንድ ድምፅ።

«እማ?»

«ስልኩ ነው ልጄ! ስልኩ ነው እኔ አይደለሁም! ሱፍ ገብቶበት ነው!»

«ምን ገብቶበት?»

«ሱፍ! የበግ ሱፍ! ካልሲ አልብሼው …» ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ ያዛት። ከዚያ ለሰባት ዓመት ያመላለሰችው ንግግር ሁሉ፣ ያማረው፣ ተራ በተራ የደረደረችው፣ ጠፋባት። የቀረው ትንሽ ነበር። «ያን ቀን በር ላይ ስትጠራኝ ሰምቼሃለሁ። ‹ና ግባ› ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አሁን እላለሁ። ና ግባ።»

ከወዲያ በኩል ሞተሩ ብቻ ተሰማ። ቆየ። የተቋረጠ መስሏት ስልኩን አየች፤ ሁለት ፐርሰንት ይላል፣ መስመሩ አለ።

«ሆግኒስ?» አለ ሬጊን።

«እዚሁ ነው።»

«ምን ይላል?»

ኤልስፓ ወደ ታላቁ ልጇ ዞረች። ጉልበቱ ወለሉ ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አውራ ጣቱ ከመጫን ብዛት ነጭ ሆኗል።

«ምንም አይልም» አለች። «ገመዱን ይዟል።»

ሬጊን ዝም አለ። ሆግኒም ዝም አለ። ኤልስፓ ግን የዚህን ዝምታ ነገር ስለምታውቀው እንዲረዝም አልፈቀደችም፤ በክርኗ የታላቁን ልጇን ጎን ጎሸም አደረገችው።

ሆግኒ ገመዱን እንደያዘ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«ስትመጣ» አለ፣ «ለእማ አዲስ ስልክ ይዘህ ና። ይኼን ሁልጊዜ ይዤ ልኖር አልችልም።»

ከወዲያ በኩል የሳቅ ይሁን የሌላ ነገር ድምፅ መጣ፤ በንፋሱ ምክንያት በደንብ አልተሰማም። መርከቧ እስክትነሳ ሃያ ደቂቃ ነበራቸው። ሆግኒ እስከ መጨረሻው እጁን አልቀየረም።